ሞተሩ ላይ ያለውን ማን ነው የጻፈው? የአንድ አሮጌ ያማሃ ጉዳይ ከድሬ

መነሻ

አሮጌ ሳይክል የያዘ ሰው አንድ ቀን ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ላይ የማያውቀውን ቁጥር ወይ ፊደል ያይና ፎቶ አንስቶ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ይልካል፣ እኔም ሙያዬ ስለሆነ ብዙ ይደርሰኛል። አብዛኛው ወዲያው የሚመለስ ነው። ይሄኛው ግን ጊዜ ወሰደ፣ ምክንያቱም አንድ ሞተር ላይ የጃፓን ፋብሪካም የድሬ ቶርኖ ቤትም ጽፈውበታል፣ ሊብሬው ላይ ደሞ ሌላ ነገር ተጽፏል፣ ሁሉም ደሞ እውነት ነው የጻፉት። ለዛ ነው ከጥግ እስከ ጥግ ላስቀምጠው ያልኩት።

የሰዎቹን ስም አልጠራም። ግራ እንዳይገባ ደሞ፣ ድሬ ላይ ሁሉንም ሞተር ነው የምንለው፣ እዚህ ግን ሙሉውን ሳይክል እለዋለሁ፣ ሞተር ስል ኢንጅኑን ብቻ ነው። ብረቱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ነው፣ እኔ በኛ ፊደል እጽፈዋለሁ፣ 2ጄ4 ካልኩ መሃል ያለችው ጄ ናት። ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በፈረንጅ ናቸው፣ የዓመቱ ነገር ራሱ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ሳይክሉና ባለቤቱ

ባለቤቱ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው ወጣት ነው። ሳይክሉን የወረሰው ከአጎቱ ነው። አጎቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ሐዲድ ጥገና ላይ፣ በመስመሩ ዳር በሽንሌ በሁርሶ እስከ ኤረር በዚሁ ሳይክል ይመላለሱ ነበር አሉ፣ ያንን አሸዋና ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደዚህ ዓይነት ሳይክል እንደያዙ አይጠይቅም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ብዙ ጊዜ ቆመ።

ሳይክሉ ያማሃ ኤክስቲ 500 ነው። ለማያውቀው፣ ይሄ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የወጣ ባለ አንድ ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 87 ሚሊሜትር፣ ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 84፣ በጠቅላላ 499 ሲሲ። የሞተር ዘይቱን የሚይዘው ፍሬሙ ውስጥ ነው፣ የሚነሳው በእግር ብቻ ነው፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጎን ላይ ትንሽ መስታወት አለችው፣ ፒስተኑ ለመምታት የተመቸ ቦታ ላይ መድረሱን በሷ አይተህ ነው የምትመታው፣ ሳታይ ከመታህ እግርህን መልሶ ይመታሃል። በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በሞተር ሳይክል ያሸነፈው ሲሪል ኔቮ የነዳው ይሄንኑ ነው። ፈረንሳዮች እጅግ የሚወዱት ሳይክል ስለሆነ በጅቡቲ በኩል እኛ ጋ መድረሱ ምንም አይገርምም።

ችግሩ

ልጁ ሳይክሉን አስነስቶ መንዳት ፈለገ፣ ቦሎ ለማደስ ወሰደው፣ መርማሪው ቁጥሮቹን ከሊብሬው ጋር ሲያስተያይ አልገጠሙም። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር 1ዩ6 ብሎ ይጀምርና ስድስት አሃዝ ይከተለዋል። የሞተር ቁጥር በሚለው ቦታ ላይም ያው 1ዩ6 እና ያው ስድስት አሃዝ ነው፣ ቁጭ ግልባጭ። ሻንሲው ላይ ያለው ከሊብሬው ጋር ይገጥማል። ሞተሩ ላይ ያለው ግን 2ጄ4 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ አሃዞቹም ሌላ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ኮከብ አለች።

ይሄ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ልጁ ከዛ በኋላ ሳይክሉን ማገላበጥ ሲጀምር ሌላ ሌላም አገኘ። ቴስታታው ላይ 1ኢ6 የሚል ወጣ ያለ ጽሑፍ አለ። የሲሊንደሩ የላይኛው ክንፍ ጠርዝ ላይ በእጅ የተመታ አር፣ ቀጥሎ 0,50፣ ከዛ ፈንጠር ብሎ 78። የግራ ሽፋኑ ከውስጥ በኩል ክብ ውስጥ 53። ሊብሬው አንድ ይላል፣ ሞተሩ አምስት ነገር ይላል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያኔ ማንም አላሰበም። ልጁ የኤክስቲ 500 ማኑዋል ከኢንተርኔት አውርዶ ባትሪው 6 ቮልት ነው ስለሚል 6 ቮልት ገዝቶ አስገባ፣ ባትሪው ፈላ። ፑንቲናም (የሻማውን እሳት የሚቆርጠውን ዕቃ) ከውጭ አገር አስመጣ፣ የሚገባበት ቦታ ጠፋ። "የጃፓኑ ዕቃ አይደለም፣ ኮፒ ልከውብኛል" ብሎ ሻጩን ሲረግም ነበር።

እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት የተሞከረው

ሦስት ነገር ሆኗል፣ ሁለቱ ጎድተውታል።

አንደኛ፣ ጓደኛው ቁጥሩ በደንብ ይታይ ብሎ ካርተሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ልብ በሉ፣ መርማሪ የሚፈራው ዋና ነገር ምንድነው? ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ፣ ከሌላው ብረት የተለየ የሚያበራ ቦታ ነው። አርባ ዓመት የጠቆረ አሉሚኒየም መሃል ላይ አንድ መዳፍ የሚያክል ቦታ ብር መስሎ ሲታይ ንጹህ ቁጥር ራሱ የተጭበረበረ ይመስላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲወስደው መርማሪው ፊቱ የተለወጠው በዚህ ነው፣ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

ሁለተኛ፣ ፎቶውን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ላከ። አንዱ አርና ኮከቡን አንድ ላይ አገናኝቶ "ይሄማ የፋብሪካ ሬስ ሞተር ነው፣ ለዳካር የተሠራ ነው" አለው፣ ይሄ ወሬ ታይዋን፣ የድሬው ገበያ ማለቴ ነው፣ ድረስ ሄዶ አንድ ገዢ ይዞ መጣ፣ ጥሩ ብር ጠራ። ሌላው ደሞ 53ን አይቶ "53 ሲሲ የሆነ ሞተር ሽፋን ነው" አለ፣ ያንን የሚያክል ሽፋን። አቦ ሰው ፎቶ ሲያይ ዝም ማለት ለምን ያቅተዋል?

ሦስተኛ፣ ጉዳዩን የሊብሬ ጸሐፊው ላይ ጣሉት። "ሻንሲውን ሁለቴ ገልብጦታል፣ የሞተሩን ሳያይ ነው የጻፈው" የሚል ነበር ሁሉም የተስማማበት፣ ማመልከቻም ተጽፎ ነበር፣ ደግነቱ አልገባም።

ቁጥሩን ማንበብ

መጀመሪያ ያደረግነው ንባቡን ማጥራት ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ብረት ነክ ነገር ካርተሩን እንዳይነካው አልኩ። ነጭ ጋዝና የጥርስ ብሩሽ፣ በቃ። ከዛ ማታ በጨለማ የስልክ ባትሪ አብርተን መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ታክኮ እንዲያልፍ አድርገን ፎቶ አነሳን። ቀን በጸሐይ፣ በተለይ በድሬ ጸሐይ፣ አሉሚኒየም ያንጸባርቅና ገባ ያለው ጽሑፍ ይጠፋል። በጎን ሲበራ ግን እያንዳንዱ አሃዝ ጥላ ይኖረዋል። ቀጥሎ ስስ ወረቀት ለጥፈን በእርሳስ አሸነው፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ይቺ ወረቀት በኋላ ከፎቶው ሁሉ በላይ ጠቀመችን፣ ምክንያቱም ልክ በልክ ስለሆነች ሌላ ቁጥር ላይ አስቀምጠህ ታስተያያለህ።

የሻንሲውንም እንደዚሁ አነሳነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናደርግ የአሃዞቹ ቅርጽ ተመሳሳይ ነው፣ ጥልቀታቸው እኩል ነው፣ መስመራቸውን አልሳቱም። የሞተሩ ቁጥር ያረፈበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይም ሞረድ የሄደበት ምልክት የለም፣ ቦታው ጎድጎድ አላለም፣ በብርጭቆ ወረቀቱ ከተፋቀው ሥር የድሮው የማሽን መስመር በጎን መብራት ይታያል። ሰው ቁጥር ለማጥፋት መጀመሪያ ብረት ማንሳት አለበት፣ ብረት ከተነሳ ደሞ ቦታው ይዘቅጣል። እዚህ አልዘቀጠም። ኮከቧም ቢሆን ምስጢር የላትም፣ ፋብሪካዎች ከቁጥር በፊት ወይ በኋላ ምልክት የሚመቱት ሰው አሃዝ እንዳይጨምርበት ነው።

ስለዚህ 2ጄ4 ሐቀኛ ቁጥር ነው ማለት ነው፣ ጥያቄው የማን ነው የሚለው ነው። 1ዩ6 ለአውሮፓ የወጣው የኤክስቲ 500 ኮድ ነው። 2ጄ4 ደሞ የያማሃ ኤስአር 500 ኮድ ነው፣ እሱም ያው ለአውሮፓ። ኤስአር ከ1978 የጀመረ የአስፋልት ሳይክል ነው፣ ሞተሩ ከኤክስቲ የተወሰደ፣ ያው 87 በ84፣ ከውጭ ሲያዩት መንታ ናቸው። አስፋልቱ ሞተር አሸዋው ፍሬም ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ሽፋኑ ሲከፈት

ቁጥር ብቻ አይቼ አላምንም፣ ብረቱ ራሱ እንዲናገር እፈልጋለሁ። ኤክስቲ 500 የሚሠራው በ6 ቮልት ነው፣ እሳቱን የሚቆርጠው በፑንቲና ነው። ኤስአር 500 ደሞ 12 ቮልት ነው፣ ፑንቲና የለውም፣ ሲዲአይ ነው፣ እሳቱን በኤሌክትሮኒክ ነው የሚቆርጠው። ቴስታታ መክፈት አያስፈልግም፣ ግራ ሽፋኑን ማውለቅ ይበቃል። ስናወልቀው ፑንቲና የለም፣ የሲዲአይ ሽቦ ነው ያለው፣ ሽቦውም ከመቀመጫው ሥር ድረስ በአጎትየው እጅ በጥንቃቄ የተዘረጋ፣ በየቦታው በክር የታሰረ። የፊት መብራቱን አምፖል አወጣን፣ 12 ቮልት። እሳቸው ሁሉንም አስተካክለው ነበር፣ ልጁ ነው በማኑዋል ወደ 6 ሊመልሰው የሞከረ። ባትሪው ለምን እንደፈላም ታወቀ፣ የውጭ አገሩ ሻጭም ከርግማን ወጣ።

የሽፋኑ 53 እዚሁ ተፈታ። ያ ጽሑፍ ወጣ ያለ ነው፣ ማለትም ብረቱ ሲፈስ ከቅርጽ ማውጫው ጋር የመጣ ነው፣ ክቡ ውስጥ ቁጥሩን የሚያይ ቀስት ቢጤም አለው፣ እንደዚህ ያለው የተመረተበት ጊዜ ምልክት ነው። 53 የፈረንጅ 1953 አይሆንም፣ ያማሃ ራሱ የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል የሠራው በ1955 ነው። የኛ 53ም አይሆንም፣ ጃፓን በኛ አይቆጥርም። ጃፓኖች ግን የራሳቸው የንጉሥ ዘመን አቆጣጠር አላቸው፣ የሾዋ ዘመን 53ኛ ዓመት 1978 ላይ ነው የሚውለው። ኤስአር የጀመረበት ዓመት። ከካርተሩ ቁጥር ጋር እጅ ለእጅ ነው የሚሄደው።

ቴስታታው ለምን ሌላ ሆነ

የ1ኢ6 ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጁ "ሦስተኛ ሳይክል አለበት ማለት ነው፣ ከሦስት የተገጣጠመ ነው" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ያማሃ ዕቃ ላይ የሚያደርገው የመጀመሪያው ሦስት ፊደል ያ ዕቃ መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ነው የሚናገረው፣ አሁን የተገጠመበትን አይደለም። 1ኢ6 የመጀመሪያው የ1976ቱ ኤክስቲ 500 ኮድ ነው። ፋብሪካው በሚቀጥሉት ዓመታት ዕቃውን ካልቀየረው ያንኑ እያፈሰሰ ነው የሚገጥመው፣ ለ1ዩ6 ሌላ ቴስታታ ለምን ይሥራ? ስለዚህ 1ኢ6 የተጻፈበት ቴስታታ 1ዩ6 ሻንሲ ላይ መገኘቱ ጤነኛ ነው፣ ምናልባትም የሳይክሉ የራሱ ቴስታታ ነው።

ወጣ ያለ ጽሑፍ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዕቃዎች አንድ ነው። የገባ፣ በፋብሪካ የተመታ ቁጥር ግን የዚህ የአንዱ ብቻ ነው። ይሄን ያልለየ ሰው የካስት ኮድ (ብረቱ ሲፈስ የወጣውን ጽሑፍ) ይዞ ሳይክሉን ይሰይማል፣ ከዛ የተሳሳተ ዕቃ ያዛል።

ካርቡራተሩን አወረድን፣ ሚኩኒ 32 ነው፣ የኤክስቲው። የኤስአሩ 34 ነው። እና ስዕሉ እየጠራ መጣ፤ ከታች ካርተሩ፣ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)፣ ማኜቱ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ከኤስአር፣ ከላይ ቴስታታና ካርቡራተር ከኤክስቲ። አንድ ሰው ሁለት ሞተር አጠገቡ አስቀምጦ አስቦበት የሠራው ሥራ ነው።

በእጅ የተመታው

አርና 0,50 እና 78 በፋብሪካ እጅ አይደሉም፣ ይሄ በዓይን ይታወቃል። አሃዞቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ፣ 0 ጠልቃ 5 ሳስታ፣ በመዶሻ በየተራ የተመቱ። የተመቱትም ቁጥር በማይመታበት ቦታ፣ ክንፉ ላይ ነው። የመካኒክ ማስታወሻ ነው።

0,50 ማለት ሲሊንደሩ በግማሽ ሚሊሜትር ሰፍቷል፣ 87.50 ሆኗል፣ ፒስተኑም ሁለተኛ ኦቨርሳይዝ፣ ከኦሪጅናሉ በሁለት ደረጃ የሰፋ፣ ነው ማለት ነው፣ በሒሳብ ሞተሩ አሁን 505 ሲሲ ግድም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ኮማዋ ናት። ጃፓን ፒስተን ላይ ነጥብ ነው የምታየው። በኮማ የሚጽፈው ፈረንሳይ የተማረ እጅ ነው። እንግዲህ ጅቡቲ የተሠራ ነው ልንል ነው።

ለማረጋገጥ ለገሃሬ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ የሠሩ ሽማግሌ ጋ ሄድን። ድሬ ራሷ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ጋራዡም በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው፣ የዕቃ ስም፣ ልክ፣ ወረቀት፣ ሁሉ። ጋሼ ወረቀቷን በመነጽር አዩና ሳቁ። "ኮማ ለማየት ጅቡቲ ድረስ ምን አስኬዳችሁ፣ እኛስ በምን የምንጽፍ መሰላችሁ?" አሉን። አርዋም ውድድር ምናምን አይደለችም፣ የተጠገነና የሰፋ ሲሊንደር ላይ እነሱ የሚመቷት ምልክት ናት አሉ። ልጁ የዳካሩን ገዢ አስታውሶ መሬት መሬት አየ።

78ን ግን ሲያዩ ቆም አሉ። ጋራዡ ውስጥ ዓመት በፈረንጅ ነበር የሚጻፈው። በፈረንጅ ከሆነ ደሞ 1978 ነው፣ ሞተሩ ራሱ ገና ከፋብሪካ የወጣበት ዓመት፣ በዛው ዓመት ሁለት ደረጃ ዘሎ እስከ 0.50 የሰፋ ሲሊንደር አይታሰብም። በኛ ከሆነ 1978 ዓ.ም. ማለት 1985 እና 86 ላይ ነው፣ ይሄ ይመስላል። ታዲያ ኮማውን በፈረንሳይ፣ ዓመቱን በኛ የሚጽፍ ማነው? "ማታ ማታ የግል ሥራ የሚሠራ የኛ ሰው" አሉ ጋሼ ሳይቸገሩ። የጋራዡ መዝገብ ውስጥ የማይገባ ሥራ፣ ለወዳጅ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። ቀጥለው ደሞ 5ቷን በጥፍራቸው ነካ አደረጉና ጅራቷ ጎደሎ መሆኗን አሳዩን፣ የመምቻው ብረት ጫፉ ተሰብሮ ነበር፣ የማን ሳጥን ውስጥ እንደነበረ ያውቃሉ። ባለሳጥኑ ከሞቱ ቆይተዋል፣ የአጎትየው የቅርብ ጓደኛ ነበሩ።

የቀረችውን ነገር የሞላችው የአጎትየው ባለቤት ናት። ልጁ "እትዬ፣ አጎቴ ሞተሩን ቀይሮት ያውቃል ወይ?" ብሎ ሲጠይቃት ጭራሽ ገረማት፣ ማንም ጠይቋት አያውቅማ። ኤረር መንገድ ላይ ሞተሩ ከታች ተበላሽቶ ብዙ ወር ቆመ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ አንድ ሞተር ከጅቡቲ በጆንያ ተጠቅልሎ በባቡር መጣ፣ የተጋጨ ሳይክል ላይ የወረደ ነው ተባለ፣ ጭንቅላቱ ተሰብሮ ነበር። ጭንቅላት ያለችው ቴስታታውን ነው። የ77ቱ ድርቅ በዓመቱ፣ 78። የተሰበረ ቴስታታ፣ የራሱ የኤክስቲው ተገጠመለት። ብረቱ ያለውን በሙሉ እሷ ቡና እያፈላች አለችው።

ከወረቀቱ ጋር

አሁን ወደ ሊብሬው። ጸሐፊው ሻንሲውን ሁለቴ ገልብጦታል የተባለው ነገር ሐሰት ነበር። ኤክስቲ 500 ከፋብሪካ ሲወጣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ አንድ ነው፣ በዛ ዘመን ያማሃ እንደዛ ነበር የሚመታው። ሆንዳ ላይ ይሄን ብታይ ትጠረጥራለህ፣ ሆንዳ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚቆጥራቸው፣ የሞተሩ ላይም ኢ ትጨመርበታለች። ሊብሬው ሲወጣ ሞተሩ ኦሪጅናሉ ነበር፣ ጸሐፊው ያየውን ነው የጻፈው። የተቀየረው በኋላ ነው፣ አጎትየው አላስመዘገቡም። ያቺ የጸሐፊው ስህተት የምትል ማመልከቻ ገብታ ቢሆን ኖሮ ልጁ በራሱ ፊርማ "ይሄ ሞተር ከመጀመሪያም ነበረበት" ብሎ ውሸት ይመሰክር ነበር፣ ምርመራው ላይ ደሞ ይያዝ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ጋ ያቀረብነው አጭር ነገር ነው፤ የሁለቱም ቁጥር የእርሳስ ወረቀት፣ የጎን መብራት ፎቶ፣ የሞዴል ኮዶቹ ምን እንደሆኑ፣ የፑንቲናና የሲዲአይ ልዩነት፣ እና ሞተሩ መቼና እንዴት እንደተቀየረ የሚያስረዳ የቤተሰብና የጋሼ የምስክር ቃል። ብርጭቆ ወረቀቱንም አልደበቅንም፣ ማን መቼ ለምን እንደፈተገው ጽፈን ጓደኛውን አስፈረምነው። ቁጥሩ ለቴክኒክ ምርመራ ተላከ፣ አልተነካም የሚል መልስ መጣ። ከዛ በኋላም ቢሆን ቀላል አልነበረም፣ የሞተሩን መግቢያ ሰነድ ተጠይቆ የለም ነው የተባለው፣ ወረቀት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ከረመ፣ በመጨረሻ ግን የሞተር ለውጡ ተመዝግቦ ሊብሬው ላይ 2ጄ4ቱ ገባ።

የዳካሩ ገዢ ነገሩን ሲሰማ ዋጋውን ወደ ግማሽ አወረደው፣ ሳይክሉ ግን ያው ሳይክል ነው፣ እንደውም ቀን በቀን ለሚነዳው ሰው 12 ቮልትና ሲዲአይ ያለው ይሻላል፣ የደንገጎን ዳገት ማታ የወጣ ሰው የ6 ቮልት መብራት ምን እንደሆነ ያውቃል። ልጁ አልሸጠውም።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ርካሹ ነው፤ የጎን መብራትና የእርሳስ ወረቀት። ያልሠራው ፎቶ መበተኑ ነው፣ በተለይ አንዱን ምልክት ከሌላው ነጥሎ መላኩ፣ 53ን ብቻ ያየ ሰው 53 ሲሲ ቢል አይፈረድበትም። ጠመኔ ሞክረን ነበር፣ ገባ ያለው ላይ ቀብቶ መጥረግ፣ ለጠለቁት ቁጥሮች ጥሩ ነው፣ በሳሱት ላይ ግን የተጫረውን ሁሉ ቁጥር ያስመስለዋል፣ 3ን 8 አድርጎ አሳይቶናል። ጋሼ ጋ መሄዳችን ጠቅሞናል፣ እትዬ ጋ ግን መጀመሪያ መሄድ ነበረበት ልጁ፣ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ።

ሌላ ሰው ቢገጥመው

እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠመው ሰው መጀመሪያ ጽሑፉን በጣቱ ይዳብሰው፣ ወጣ ያለ ከሆነ የዕቃው ነው፣ ገብቶ እኩል ከሆነ የፋብሪካው ነው፣ ገብቶ የተዛባ ከሆነ የመካኒክ ነው፣ ሊብሬ የሚመለከተው መሃለኛውን ብቻ ነው። ቁጥሩና ሊብሬው ካልገጠሙ ደሞ ጸሐፊ ተሳስቷል ከማለት በፊት ያ ፋብሪካ በዛ ዘመን ሁለቱን ቁጥር አንድ ያደርግ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ መልሱ እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

ዕቃ ከማዘዝ በፊት ሽፋን ከፍቶ ማየት፤ የሳይክሉ ስም ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ተጽፏል፣ ዕቃው ግን የሚገባው ሞተሩ ውስጥ ነው። ባትሪ ስትቀይሩ አምፖሉን አውጥታችሁ ቮልቱን አንብቡ፣ ከማኑዋሉ ይልቅ አምፖሉ መጨረሻ የነዳውን ሰው ያውቀዋል።

ሁለት አሃዝ ብቻ ያለው ዓመት ስታገኙ በኛም፣ በፈረንጅም፣ የጃፓን ዕቃ ከሆነ በሾዋም ቆጥራችሁ የትኛው ከሞዴሉ መውጫ በኋላ እንደሚውል እዩ። ሲሊንደር አስፍታችሁ ምልክት የምትመቱ ቶርኖ ቤቶችም ዓመቱን አራቱንም አሃዝ ጻፉት፣ ክንፍ ላይ ምቱት፣ ከሞተር ቁጥሩ አጠገብ ግን መዶሻም ብርጭቆ ወረቀትም አታድርሱ።